«ፈጣሪን ያልፈራ ምን ያግደዋል?»

ከኮምቦልቻ የደረሰኝ ጥያቄ፣ ጠያቂዋን የሚያስታውቅባት ነገር ተቀንሶ፣ እንዲህ ይላል፦

«ቤታችን የወሎ ቤት ነው። የአባቴ እናት ሶላት አያልፋትም፣ እናቴ ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች። እኔ ሁለቱንም ካቆምኩ ቆየሁ፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም። ማመን ያቃተኝ አያቴ የ66ቱን ረሃብ እያወራች ‹የአላህ ቁጣ ነው› ስትል ነው። ሕፃናቱ ምን አጠፉ? ብዬ መልስ አጣሁ። በቅርቡ ደግሞ ታላቅ ወንድሜ፣ ስለ ሌላ ሰው እየተወራ፣ ‹ፈጣሪን ያልፈራ ምን ያግደዋል?› አለ። እኔን የተናገረኝ ያህል ደነገጥኩ። ከዚያ ወዲህ ክፉና ደግ የምንለው ነገር ራሱ ልማድ ብቻ መስሎ ይታየኛል። ሁለቱም አብረው ፈረሱብኝ። ወዳጃ (የዱዓ ስብሰባ) ላይ ‹አሚን›፣ ለቅሶ ቤት ‹ነፍስ ይማር› ስል አስመሳይ ነኝ? ለቤተሰቤስ ልንገር?»

እህቴ፣ ደሴ ላይ ፍልስፍና ሳስተምር ይህ ጥያቄ መልኩን እየለዋወጠ በየዓመቱ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ ክፍል ውስጥ ሳይሆን ሌሎቹ ከወጡ በኋላ በር ላይ ነው። እንድታምኚም እንድትክጂም ልገፋሽ አልጻፍኩም። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እነግርሻለሁ፦ ሁለቱ ነገሮች አብረው አልፈረሱም። አብረሽ የጣልሻቸው አንቺ ነሽ።

የራስሽን ደብዳቤ መልሰሽ አንብቢው። ማመን ያቃተሽ «ሕፃናቱ ምን አጠፉ?» ብለሽ ነው። ይህ ጥያቄ ሚዛን የሚደፋው፣ ያላጠፋን ልጅ በረሃብ መቅጣት ክፉ ነው የሚለውን አስቀድመሽ ከያዝሽ ብቻ ነው። ክፉና ደግ ልማድ ብቻ ከሆነ ጥያቄሽ ራሱ ይከሽፋል፤ አንዱ አገር እንዲህ ያስባል፣ ሌላው እንዲያ ያስባል ብለሽ ታልፊው ነበር። አላለፍሽውም፤ እንቅልፍ ነሳሽ። እንግዲህ ሁለተኛው ጥርጣሬሽ የመጀመሪያውን ከሥሩ ይቆርጠዋል ማለት ነው። ፍርድሽን ይዘሽ ፈጣሪን መጠየቅ ትችያለሽ፤ ኢዮብም ጠይቋል። ፍርድሽን ከጣልሽው ግን የምትጠይቂበት አይኖርሽም።

ወደ ወንድምሽ ልመለስ። የትኛውን ወገን እንደያዘ አልነገርሽኝም፤ ለመልሱም ለውጥ የለው። ጥያቄው የሰነፍ ጥያቄ አይደለም፤ ግን ሁለት ነገር አጣብቆ ይዟል። ሰውን ከክፋት የሚመልሰው ምንድን ነው የሚለው አንድ ነው። ክፉን ክፉ ያደረገው ምንድን ነው የሚለው ሌላ ነው። እሱ የጠየቀው የመጀመሪያውን ነው፤ አንቺ የደነገጥሽው በሁለተኛው ነው።

የመጀመሪያውን ዙሪያሽን አይተሽ ልትመልሺው ትችያለሽ። ሚዛኑን የማያጭበረብር ነጋዴ የማያጭበረብረው ፈጣሪን ፈርቶ ሊሆን ይችላል፤ ደንበኛ እንዳይሸሸውም፣ ስሙ እንዳይነሳም፣ ልጁ አጠገቡ ቆሞ ስለሚያይም፣ ወይም ዝም ብሎ አላደርገውም ብሎም ሊሆን ይችላል። ይሉኝታ፣ ሀፍረት፣ ፍቅር፣ ሕግ፣ ፈሪሃ ፈጣሪ ተደራርበው ነው ሰውን የሚይዙት። አንዱ ሲላላ ሌሎቹ አሉ። ማመን ካቆምሽ ወዲህ ምን ሰረቅሽ? ማንን ገፋሽ? ወንድምሽ «ያሳደገሽ ሃይማኖት ነው እስካሁን የያዘሽ» ሊል ይችላል፤ ይሁንለት። እሱንስ መልሰሽ ብትጠይቂው፦ ነገ ፈጣሪ የለም ብሎ የሚያሳምንህ ሰው ቢመጣ፣ ከነገ ወዲያ እማማን ትመታለህ? «በጭራሽ» ካለ ሌላም የሚያግደው ነገር እንዳለ ራሱ ነገረሽ። «እንጃ» ካለ ያስፈራል።

እዚህ ላይ ግን የማያምኑ ሰዎች ቶሎ የሚዘሉት እውነተኛ ኪሳራ አለ። ወሎ ውስጥ አበጋሮች (አስታራቂ ሽማግሌዎች) ደም ሲያስታርቁ መሐላ ትልቁ ማሰሪያ ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በሚያምንበት ይምላል፤ የሟች ወገን ቂሙን የሚተወው ያ መሐላ ሰውየውን ብቻውን በሆነበት ሌሊት ጭምር እንደሚይዘው አምኖ ነው። ፖሊስ የሌለበት፣ ምስክር የማይገኝበት ነገር የሚዘጋው በዚህ ነው። የማያምን ሰው በምን ይማል? ይህን የጠየቀው ወሎ ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ እ.ኤ.አ. በ1689 የታተመ ስለ ሃይማኖት መቻቻል የሚሟገት ደብዳቤ ጽፎ ነበር፤ ያን ሁሉ ተሟግቶ ሲያበቃ ፈጣሪ የለም የሚሉትን ከመቻቻሉ አስወጣቸው። ምክንያቱ ይኸው ነው፦ ቃል ኪዳንም መሐላም አይዛቸውም አለ። ሎክ ተሳስቷል ባይ ነኝ፤ ቃሉን የሚጠብቅ የማያምን ሰው ሞልቷል፣ ምሎ የሚከዳ አማኝም እንዲሁ። ስጋቱ ግን ከንቱ አይደለም። የማያምን ሰው መታመንን በመሐላ ሊገዛው ስለማይችል በኑሮው ብቻ ነው የሚያገኘው፤ ያ ደግሞ ዓመታት ይፈጃል።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ክፉን ክፉ ያደረገው ምንድን ነው የሚለው፣ ከወንድምሽም ከእኔም ዕድሜ ይበልጣል። ፕላቶን ከ2,400 ዓመት ገደማ በፊት ሶቅራጥስን እንዲህ ያስጠይቀዋል፦ በጎ ነገር በጎ የሆነው አማልክት ስለወደዱት ነው ወይስ አማልክት የወደዱት በጎ ስለሆነ ነው? የመጀመሪያውን ከመረጥሽ፣ ፈጣሪ ነገ «ወላጅህን ግደል» ቢል መግደል በጎ ሊሆን ነው። ሁለተኛውን ከመረጥሽ፣ በጎነት ከትእዛዙ ቀድሞ ቆሟል።

ይህ የነጭ ነገር ነው የሚል ሰው ይገጥምሻል፤ አይደለም። በባስራና በባግዳድ የነበሩት ሙዕተዚላ የሚባሉ የእስልምና ነገረ መለኮት ሊቃውንት ፍትሕ መልካም፣ በደል ክፉ መሆኑን ዐቅል (አእምሮ) ከወሕይ (ከፈጣሪ መገለጥ) በፊት ይደርስበታል ብለው አስተምረዋል። ከእነሱው መሀል የወጣው አቡል ሐሰን አል-አሽዐሪ ተቃወመ፤ መልካሙን መልካም ያደረገው የአላህ ትእዛዝ ነው አለ። ክርክሩ ለዘመናት ቀጠለ፤ በብዙ የሱኒ መድረሳዎች የበረታው የአሽዐሪ ወገን ነው። የእናቴ ቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን ነው ካልሽ ደግሞ ሊቃውንቱ ከኦሪት በፊት የነበረውን ዘመን ዘመነ ሕገ ልቡና ይሉታል። ሰው ጽላት ሳይሰጠው በልቡናው እየተመራ የኖረበት ዘመን ነው። ጳውሎስም በሮሜ መልእክቱ ምዕራፍ 2 ሕግ ያልተሰጣቸው አሕዛብ የሕጉን ሥራ በልባቸው ተጽፎ ያሳያሉ ይላል። እርግጥ ነው፣ አማኙ «በልብ ላይ የጻፈውስ ማነው?» ብሎ ይጠይቅሻል። ይጠይቅ፤ መብቱ ነው። የሚያስፈልግሽ ግን ከዚያ ያነሰ ነው፦ ክፉና ደጉን ለማወቅ ጸሐፊውን ማወቅ ግዴታ እንዳልሆነ ሁለቱም ቤት ውስጥ ያስተማሩ ነበሩ።

ስለ ልማዱ የምለው ከዚህ ይረዝማል፤ ምክንያቱም የከፋሽ እሱ ይመስለኛል።

የሰርግ ቤት ጓዳ ገብተሽ ታውቂያለሽ። ሁለት ይታረዳል፤ አንዱ በቢስሚላህ፣ አንዱ በስመ አብ። ሁለት ድስት፣ ሁለት ቢላዋ፣ ሁለት መክተፊያ። ክርስቲያኗ ደጋሽ ለሙስሊም እንግዶቿ በሙስሊም ጎረቤቷ እጅ አሳርዳ፣ ሙስሊም ሴቶች ወጡን ይሠሩታል፤ ሙስሊሟም ስትደግስ እንዲሁ ነው። እንግዲህ ያቺን ክርስቲያን ደጋሽ ልብ ብለሽ እያት። ግርግር ነው፣ ጭልፋ ጠፍቷል፣ አንዲት ልጅ ከአንዱ ድስት አውጥታ ወደ ሌላው ልታስገባ እጇን ስትዘረጋ ደጋሿ እየጮኸች ትደርሳለች። ጭልፋው ቢገባ ማንም አያውቅም። እሷ በዚያ ክልከላ አታምንም፤ በእሷ ዘንድ ሁለቱም ሥጋ ነው። ታዲያ ምን ያስጮኻታል?

የምትጠብቀው ሕግ ልማድ ነው፤ ሌላ አገር ሌላ ነው። የሚያስጮኻት ነገር ግን ልማድ ብቻ አይደለም። አምኗት ሊበላ የተቀመጠን ሰው ላለመክዳት ነው የምትጮኸው። ያንን የትኛው አገር ሄደሽ «እኛ ጋ ያመነን መክዳት ጌጥ ነው» የሚልሽ ታገኛለሽ? ልማዱን ቅርፊት ብለሽ ልትንቂው ትችያለሽ፤ ውስጡ ያለውን አብረሽ አትጣዪ።

ብልጥ ተማሪ እዚህ ላይ እጁን ያወጣል፦ «መምህር፣ ሁለቱም ሃይማኖት የአብርሃም ልጅ ነው። ባልንጀራህን ውደድ የሚለውን ሁለቱም ያስተምራሉ። ስለዚህ የሰርግ ቤቱ ምሳሌ ሥነ ምግባር ያለ ሃይማኖት መቆሙን አያሳይም።» ልክ ነው፤ አያሳይም። የሚያሳየው ስለ ፈጣሪ የማይስማሙ ሰዎች ስለ ክህደት ሊስማሙ እንደሚችሉ ብቻ ነው። ለእኔ ይህም አይናቅም።

ከበድ ያለው ተቃውሞ የጀርመኑ ፈላስፋ የፍሪድሪሽ ኒቼ ነው፤ የሚገርምሽ ከወንድምሽ ጋር ይስማማል። እ.ኤ.አ. በ1889 በወጣ ጽሑፉ፣ የክርስትናን አምላክ ትተው የክርስትናን ሥነ ምግባር ይዘው መቅረት የሚፈልጉትን እንግሊዞች ይሳለቅባቸዋል። ነገሩ አንድ ጥልፍ ነው፣ ዋናውን ክር ከመዘዝህ ሁሉም ይተረተራል ባይ ነው። ለከፊሉ ልክ ነው። ረቡዕ ቅቤ አለመብላት፣ ምንኩስና ከትዳር ይበልጣል ማለት፣ ያለ እምነቱ አይቆምም። የሕፃን ስቃይ ክፉ መሆን ግን በየትኛው ክር ላይ ተንጠለጠለ? ማንም ባይፈርምበት ክፉ ነው። ኒቼ ይህንንም ለመጠየቅ ደፍሯል፤ እኔ በዚህ አልከተለውም፤ አንቺም ደብዳቤሽ ላይ አልተከተልሽውም።

«ሁሉም ልማድ ነው» የሚለው አባባል ነፃ የሚያወጣ ይመስላል፤ አያወጣም። ይልቁንም ልማዱን ከነቀፋ ያድነዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድትዳር ይፈቅድ ነበር፤ የገጠሩ ልማድ ደግሞ ከዚያም በታች ይወርዳል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ 18 አደረገው። ደግ ማለት ልማድ ያጸደቀው ከሆነ፣ በ13 ዓመቷ ስትዳር «አይሆንም» ያለችው ልጅ ትርጉም በሌለው ነገር ነው የተሟገተችው፤ አባቷ በደንቡ ልክ ነበራ! ባርነትም እንዲሁ። ፍትሐ ነገሥት ሰው በተፈጥሮው ነፃ መሆኑን ከተናገረ በኋላ ጦርነት አንዱን የሌላው አገልጋይ አድርጎታል ብሎ ባርነትን ይደነግግለታል። በሼሪዓ መጻሕፍትም የባሪያ ምዕራፍ አለ። በአገራችን በሕግ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ልማዱም መጽሐፉም የፈቀዱትን ነገር ነውር ነው ያሉት ሰዎች ከልማድ በላይ የሆነ መለኪያ ባይዙ ኖሮ ምን ይዘው ይከራከሩ ነበር? ብዙዎቹም አማኞች ነበሩ፤ ይህን አትርሺ።

በዚህ ነገር ብታነቢ የምመክርሽ የዘርአ ያዕቆብን «ሐተታ» ነው። ጽሑፉ እንደሚተርከው ሰውየው በሱስንዮስ ዘመን የሃይማኖት ስደት ሸሽቶ ተከዜ አጠገብ ዋሻ ገባ፤ መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ እየጸለየ ሁሉንም መረመረ። ምንኩስና ከፍጥረት ሥርዓት ጋር ይጋጫል አለ። ወንድና ሴት በቁጥር እኩል ሆነው ሳለ አንድ ወንድ ብዙ ሚስት ማግባቱን ነቀፈ፤ ሰውን እንደ ከብት መሸጥ መለወጥንም። ስለ ጾምም ጠየቀ። በፈጣሪ ግን እስከ መጨረሻው ያምናል። ካንቺ በተቃራኒ መሆኑ ነው፦ እሱ ልማዱን አፍርሶ ፈጣሪንም ሥነ ምግባርንም አተረፈ። ጽሑፉን የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ጻፈው ወይስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቅጂውን ለፈረንሳዊው አጥኚ ለአንቷን ዳባዲ የላከው ጣሊያናዊ ሚስዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ራሱ ፈጠረው የሚለው ክርክር አላለቀም። ጣሊያናዊው ምሁር ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 ሚስዮናዊው ነው ብሎ ጻፈ፤ አዲስ አበባ ያስተማረው ክሎድ ሰምነር ደግሞ ለዘርአ ያዕቆብ ተከራከረ። ለታሪክ ሰው ትልቅ ጉዳይ ነው። ላንቺ ግን የባሪያ ንግዱ ክርክር ማንም ይጻፈው ማን ያው ክርክር ነው። ስለ ክፉና ደግም እንዲሁ አስቢ፦ ከየት መጣ የሚለውና ልክ ነው ወይ የሚለው አንድ ጥያቄ አይደለም። ከእናትሽ፣ ከቄሱ ወይም ከሸሁ ስለሰማሽው ብቻ ሐሰት አይሆንም።

አሁን ወደ ረሃቡ። እዚህ ላይ አንቺም አያትሽም የዘለላችሁት ነገር አለ።

በ1965 እና 66 ዓ.ም. ወሎ ላይ ዝናብ ጠፍቶ አዝመራ መክኗል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው ጥናት ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ጥያቄ ጠየቀ፦ እህል አገሩ ውስጥ አልነበረም ወይ? በአገር ደረጃ የነበረው የምግብ መጠን ያን ያህል አላሽቆለቆለም። ደሴ ገበያ ላይም የእህል ዋጋ፣ ሰው በየመንገዱ በሚረግፍበት ወቅት፣ እንደሚጠበቀው አልናረም። ለምን? ገበሬው አዝመራው ሲከስም እህሉ ብቻ አይደለም የጠፋው፣ መግዣውም ጠፋ። ከብቱን ሊሸጥ ሲወጣ ሁሉም እየሸጠ ነው፤ የከብት ዋጋ ወደቀ። የአፋሩ አርብቶ አደርም በሬውን ለውጦ የሚያገኘው እህል እፍኝ ሆነ። ገንዘብ የሌለው ረሃብ ገበያ አይጠራም፤ ስለዚህ እህል ወደ ወሎ አልመጣም፣ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የወጣ ነበር። መንገዱ ያው በኮምቦልቻና በደሴ የሚያልፈው ነው። የተራበው ሕዝብ መኪና እያስቆመ የሚለምነውም እዚያው መንገድ ዳር ነበር። ከላይ ያለው መንግሥት ደግሞ ወሬው እንዳይወጣ ይጥር ነበር።

«የአላህ ቁጣ» የሚለው ይህን ሁሉ ይሸፍነዋል። «ሕፃናቱ ምን አጠፉ?» የሚለው ያንቺ ጥያቄም ይሸፍነዋል፤ ሁለታችሁም ወደ ላይ አንጋጣችሁ መንገዱን አላያችሁትም። ባለ ርስቱ፣ ነጋዴው፣ ገዢው፣ ዝም ያለው ሹም ከክስ አመለጡ።

በዚህ የፈጣሪ ጥያቄ ተዘጋ ማለቴ አይደለም። አማኙ «ክፋቱ የሰው ነፃ ፈቃድ ነው» ቢልሽ የጭነት መኪናውን ያስረዳል፣ ዝናቡን ግን አያስረዳም። ሕፃኑም የማንንም ፈቃድ አልተጠቀመም። ይህ ቀዳዳ ክፍት ነው፤ የምታምኚም የማታምኚም ብትሆኚ ክፍት አድርገሽ ያዢው። አያትሽን ግን በዚህ አትሞግቻት። ልጅ የቀበረ ሰው «ቁጣ ነው» ሲል ሁልጊዜ ማብራሪያ መስጠቱ አይደለም። ያ ቃል ሥራም ነበረው፦ ድርቅ ሲመጣ ዱዓው ከመደረጉ በፊት የተጣላ ይታረቃል፣ ያለው ሰደቃ ያወጣል። «ምን አድርገን ነው?» ብሎ ራሱን የሚጠይቅ ሰው፣ ባለ ሥልጣኑ ራሱን ከጠየቀው በላይ ጠይቋል።

አሚን ማለትሽስ? ወዳጃ ላይ ቡናው ተፈልቶ፣ ጫቱ ተዘርግቶ፣ ዱዓ የምታደርገው ዱበርቲ «የታመመውን ያሽርልን» ስትል «አሚን» የሚሉት ሁሉ እምነታቸው ተመዝኖ አይደለም። ወሎ ውስጥ ክርስቲያኑም ተቀምጦ አሚን ይላል፤ ማንም ሰለመ አይለውም። በሽተኛው እንዲድን ትፈልጊያለሽ? እንግዲያው አልዋሸሽም። «ነፍስ ይማር»ም ለሐዘንተኛ የሚባል ነው። ቅሬሽም (ዕድርሽም) የሚፈልገው መዋጮሽን፣ እንጀራሽንና ቀብር ላይ መገኘትሽን ነው። አስመሳይ ማለት ሌላውን አታሎ የሚጠቀም ነው። ሁለት ቦታ ላይ ግን አትለሳለሺ። የማታምኚበትን ይዘሽ አትማዪ፣ ሰው በዚያ መሐላ ላይ ተደግፎ መብቱን ይተዋልና። ሽማግሌ የሚልክብሽ ሰው ካለም ሽማግሌው ከመምጣቱ በፊት ይወቅ፤ ልጆቹን በምን እንደሚያሳድግ የመወሰን ጉዳይ ነው፣ በይሉኝታ የሚታለፍ አይደለም።

ለቤተሰብሽ የመንገር ዕዳ የለብሽም። ሁለት ዓይነት ጸሎት በአንድ ጣሪያ ሥር የቻለ ቤት ጸሎት የሌለበትንም ይችላል ብለሽ አትገምቺ፤ ሌላውን ሃይማኖት መቀበልና ሃይማኖት አልባን መቀበል እዚህ አገር በጣም ይለያያሉ። ኑሮሽ በእነሱ እጅ ከሆነ መጀመሪያ ራስሽን ቻይ። ለአያትሽ መንገሩ ለማንም የሚጠቅም አይመስለኝም። እናትሽ ሳትነግሪያትም ጠርጥራ ይሆናል፤ እናት ጾም የፈታን ልጅ ከምሳ ዕቃው ታውቃለች። ወንድምሽን ለመንገር ከቆረጥሽ ብቻውን አግኝተሽው ይሁን። ሰው ፊት ከሆነ ታላቅነቱ አቋም እንዲይዝ ያስገድደዋል፤ ለብቻችሁ ስትሆኑ ግን ሊጠይቅሽም ይችላል።